በሦስቱ ወንበሮች መካከል ያለው አየር

ኅዳር 4 ቀን

ይድረስ ለወንድሜ ለመርፌ፤

እንደምን ሰነበትክ? ትንፋሽህስ እንዴት ነው? እማዬስ ደህና ናት? እኔ ቆሜ ስውል ከሚያብጠው እግሬ በስተቀር ደህና ነኝ።

ደብዳቤህ ደረሰኝ። በስልክ ሳወራ ስለሚያለከልከኝ ብጽፍልሽ ይሻለኛል ማለትህ አሳዘነኝም፣ ደስም አለኝ። በስልክማ ገና «ሄሎ» ስንባባል እማዬ ከእጅህ ትነጥቅህና ካርዴ እስኪያልቅ የጎረቤቱን ወሬ ትነግረኛለች።

አፌን እንድታጥቢልኝ ልምጣ ወይ ላልከኝ መልሴን መጨረሻ ላይ ላደርገው ነበር። አንተ ግን ደብዳቤ ከግርጌ ጀምረህ እንደምታነብ ስለማውቅ እዚሁ ልበልህ፤ ለጊዜው አትምጣ። ታካሚ የማስቀምጥበት ወንበሬ ተበላሽቷል። መለዋወጫው መቼ እንደሚደርስ የሚያውቅ የለም።

ሐኪሞችህ ያሉህ ልክ ነው። የልብህን ቫልቭ ከመቀየራቸው በፊት አፍህ ንጹሕ መሆን አለበት። ያኔ ጥርስህን ካስነቀልክ በኋላ ያን ሁሉ ጊዜ አልጋ ላይ የጣለህ ከድድህ ወደ ደምህ ገብቶ ቫልቭህ ላይ የሰፈረ ጀርም ነው። ያ ነገር ሲደገም ማየት አልችልም። ጥርስ ማጠብ እንጀራዬ ነው፤ የአንተን አፍ ደግሞ ከእኔ በቀር ማንም እንዲነካው አልፈልግም። አሁን ግን አይሆንም።

የሥራ ቦታሽ ምን ይመስላል ላልከኝ፣ አንድ ሰፊ ክፍል ነው። ሦስት ወንበሮች ጎን ለጎን አሉ፣ በመካከላቸው ትከሻ ላይ የሚቀር መከለያ ቆሟል። የምናጥብባት ማሽን ጫፏ እየተንቀጠቀጠ ውሃ ትረጫለች። ውሃው ከምራቅና ከደም ጋር ተደባልቆ እንደ ጉም ይነሳል። ጠዋት ፀሐይ በመስኮት ስትገባ ጉሙ ከአንዱ ወንበር ተነሥቶ መከለያውን ተሻግሮ ወደ ሌላው ሲሄድ በዓይን ይታያል። መጀመሪያ እዚህ የገባሁ ሰሞን የሚያምር ነገር ይመስለኝ ነበር።

ይቅር በለኝ ወንድምዬ፣ ትንሽ ታገሠኝ። እማዬን ሳምልኝ።

እህትህ


ኅዳር 19 ቀን

ለእትዬ፤

ጤና ይስጥልኝ። እኔ ደህና ነኝ። ደህና ነኝ ስል ቁጭ ብዬ ስሰፋ ማለቴ ነው፤ ተነሥቼ ጨርቅ ልቆርጥ ስል ነው ጉዱ።

ደብዳቤሽን ለእማዬ ጮክ ብዬ አነበብኩላት። ካላነበብኩላት ማን ያስቀምጠኛል? ከስፌት ማሽኔ አጠገብ ተቀምጣ የአሮጌ ኮት ስፌት እየፈታችልኝ ነበር። «ወንበሬ ተበላሽቷል» የሚለው ላይ ስደርስ መቀሷን አስቀመጠች።

«ስንት ወንበር ነው ያላቸው?»

«ሦስት ይላል እዚህ ጋ።»

«ታዲያ ሁለቱስ?»

እኔም ይህንኑ ልጠይቅሽ ነበር፣ እሷ ቀደመችኝ።

ሳትቆጪ ስሚኝ። ባለፈው ሳምንት እዚሁ ከተማችን ያለው የጥርስ ሐኪም ዘንድ ሄጄ ነበር። አፌን ከፈትኩ፣ መብራቱን አበራ፣ «ሌላ በሽታ አለብህ?» አለኝ። ነገርኩት። መብራቱን አጠፋው። «ወንድሜ፣» አለኝ፣ «አንተን ነክቼ አንድ ነገር ብትሆን…» እዚያው ላይ ተወው። እስከ በሩ ድረስ ክንዴን ይዞ ሸኘኝ፤ ክፉ ሰው አይደለም። ወጥቼ አጥር ጥግ ተቀመጥኩና ብቻዬን ሳቅሁ። ይህ አፌ ለካ ፈንጂ ኖሯል!

እትዬ፣ እውነቱን ንገሪኝ። እጄ ላይ አንድ ነገር ይሆናል ብለሽ ፈርተሽ ከሆነ አልቀየምሽም። ሌላ ነገር ካለም ንገሪኝ። የሆነ ነገር ስትደብቂኝ የእጅ ጽሑፍሽ እየደቀቀ ይሄዳል። ያለፈው ደብዳቤሽ መጨረሻው ላይ የእማዬን መነጽር ተውሼ ነው ያነበብኩት።

ወንድምሽ መርፌ


ታኅሣሥ 3 ቀን

ለመርፌ፤

ይህን ወረቀት ለእማዬ እንዳታነብላት። ከእሱ ጋር ሌላ ወረቀት አጣጥፌ ልኬልሃለሁ፤ ስለ አከራዬ ድመት ነው። እሱን አንብብላት።

ወንበሬ አልተበላሸም።

ከክረምት ጀምሮ ለድድ ሕክምና የሚመላለሱ አንድ ጡረታ የወጡ አስተማሪ ነበሩ። ጨዋ ሰው፣ ሁልጊዜ ከሰዓታቸው ቀድመው የሚመጡ። ያስላቸዋል። «የሲጋራ ነው፣ ትቼዋለሁ፣ እሱ ግን አልተወኝም» ይሉን ነበር፤ እኛም አብረን እንስቃለን። ጥቅምት ላይ ሆስፒታል ገቡና ቲቢ ተገኘባቸው። ከሆስፒታሉ ደውለው ነገሩን። ስንት ጊዜ አፋቸው ላይ አጎንብሼ ያን ጉም አስነሥቻለሁ! ስንት ሰውስ ከጎናቸው ባለው ወንበር ተኝቷል!

ሁላችንም ተመረመርን። አጠገቤ ቆማ መምጠጫ ቱቦ የምትይዝልኝ ረዳቴ፣ ሳቂታዋ የምንላት፣ ሳንባዋ ላይ ተገኘባት። ከሳቸው ይሁን ከሌላ ሰው ማንም በእርግጠኝነት ሊናገር አይችልም። ማሳል ጀምሯት ነበር፤ ጉንፋን ነው ብላ ነበር። አሁን መድኃኒት ጀምራ እቤቷ ናት። የሁለት ልጆች እናት ናት፣ መርፌ። ልጆቹ ነፃ ናቸው፣ ተመስገን።

የእኔ ምርመራ ንጹሕ ነው። ነገር ግን ተደብቆ ሊቆይ ስለሚችል ጥር መጨረሻ ላይ መደገም አለበት አሉኝ። እስከዚያ ድረስ አንተ አጠገብ እንዴት እደርሳለሁ? አንተ ዛሬ ጉንፋን እንኳ የማትችል ሰው ነህ። እዚያ ወንበር ላይ አስቀምጬህ፣ ሌላ ሰው የተነፈሰውን አየር ላስተነፍስህ?

ለምን ደበቅሽኝ እንዳትለኝ። ብነግርህ ስለ እኔ ስታስብ ታድራለህ፤ አንተ ደግሞ ባታስብም እንቅልፍ የለህ። ክፉ ነገር ስጽፍልህ እጄ እምቢ ይለኛል፣ ለዚህ ነው የሚደቀው። ዛሬ ግን አተልቄ ጽፌያለሁ፣ ተመልከት።

አይዞህ፤ ቁጭ ብዬ አላለቅስም። ላብራቶሪ ውስጥ የሚሠራ አንድ ሰው አለ፣ ከእሱ ጋር አንድ ነገር ጀምረናል። ውጤቱን ሳይ እጽፍልሃለሁ።

እህትህ


ታኅሣሥ 15 ቀን

ለእትዬ፤

ደብዳቤሽን ሦስቴ አነበብኩት። መጀመሪያ ተናደድኩ። ቀጥሎ ፈራሁ። ሦስተኛው ላይ ግን፣ ብታምኚም ባታምኚም፣ ቀለለኝ። እህቴ እኔን መንካት ቀፈፋት ማለት ነው እያልኩ ሆዴ ሲብሰኝ ነበር የሰነበትኩት። ለካ በሽታው እንዳይነካኝ ብለሽ ነው! ሁለተኛ እንዲህ አታድርጊኝ። እኔ የታመመው ልቤ እንጂ ጆሮዬ አይደለም፤ ክፉ ወሬ መስማት እችላለሁ።

ድመቷን ለእማዬ አነበብኩላት። ቁምሳጥን ውስጥ መውለዷን በጣም ወደደችው። አሁን ግን ችግር መጣ፤ ስንቱ ወንድ ነው፣ ስንቱ ሴት ነው፣ ዓይናቸውስ ተገለጠ ወይ እያለች ዕለት ዕለት ትጠይቀኛለች። አከራይሽ በእውነት ድመት አላቸው? ከሌላቸው ቶሎ ጻፊልኝ፣ ከእኔ አፍ የወጣውን ሁሉ እያስታወሰች ነው።

አሁን እኔ የምጠይቅሽን መልሺልኝ። ሥራ ላይ ምንድነው የምትለብሺው? እጅጌው የት ይደርሳል? አንገቱስ ክፍት ነው ዝግ? ከፊት ነው የሚቆለፈው? ያ ጉም ፊትሽ ላይ ብቻ አያርፍም፤ እኔ ስለ ጀርም አላውቅም፣ ውሃ ልብስ ላይ እንዴት እንደሚወርድ ግን ከማንም የተሻለ አውቃለሁ። ትከሻሽንና የክንድሽን ርዝመት ለክተሽ ላኪልኝ። የሌሎቹንም። ቁጭ ብዬ ከመጨነቅ ቁጭ ብዬ ልስፋ።

እማዬ «ወንበሩ ተጠገነ ወይ በላት» ብላለች። አፏ ላይ ፈገግታ ቢጤ አየሁ፤ እንጃ።

ወንድምሽ


ጥር 8 ቀን

ለመርፌ ወንድሜ፤

ድመቷ እውነተኛ ናት። አራት ወለደች፣ አንዱ ጥቁር ነው፣ ዓይናቸው ተገልጦ መጋረጃውን እየቦጫጨቁ ነው። እማዬን በዚህ አስታርቀኝ።

ልኬቱን ከወረቀቱ ጀርባ ጽፌልሃለሁ። ልብሳችን አጭር እጅጌ ነው፣ አንገቱ ክፍት፣ ከፊት በቁልፍ የሚዘጋ። አንተ ስትጠይቀኝ ነው ክንዴን ያየሁት። ስንት ዓመት ክርኔ ድረስ እየታጠብኩ ወደ ቤት ስሄድ፣ አንድም ቀን ለምን አላልኩም።

ስለ ላብራቶሪው ሰውዬ እጽፍልሃለሁ ብዬህ ነበር። ጀርም የሚያበቅሉባቸው ትንንሽ ክብ ሳህኖች ሰጠኝ፤ ውስጣቸው እንደ ረጋ ሾርባ ያለ ነገር አለ። ክዳናቸውን ከፍቼ ከምሠራበት ወንበር ጎን፣ ከሌሎቹ ወንበሮች አጠገብ፣ መስኮቱ ላይ፣ እንዲሁም ጥግ ካለው የዶክተሩ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩ። አንድ ሰው አጥቤ ስጨርስ ክዳናቸውን መልሼ ወሰድኩለት። «ይህ ቲቢን አያሳይሽም፣» አለኝ አስቀድሞ፣ «የአፍ ጀርም ምን ያህል ርቆ እንደሚሄድ ግን ያሳይሻል።» በሁለተኛው ቀን ስንከፍታቸው፣ ምን ልበልህ፣ ሳህኖቹ ላይ ነጭና ቢጫ ነጠብጣብ በቅሎባቸዋል። ከእኔ ወንበር ጎን ያለው መቁጠር አይቻልም። የሚገርመው ግን ጥግ ድረስ የዶክተሩ ጠረጴዛ ላይም መብቀሉ ነው።

ሳህኖቹን ተሸክሜ ወደ ዶክተሩ ሄድኩ። ክሊኒኩ የእሱ ነው፣ ሰው ሰምቶ እንዳይሸሽ ይፈራል፤ አልፈርድበትም። «አየር ነው እኮ፣ አየር ላይ ምን የማይገኝ አለ?» አለኝ። የጠረጴዛውን ሳህን ፊቱ አስቀመጥኩለት።

«ይኼ ከየት ነው?»

«ምሳህን ከምትበላበት።»

 ምሳ ዕቃውን አነሣና መሳቢያ ውስጥ ከተተው፣ መልሶ አወጣውና ክፍሉን ለቆ ይዞት ወጣ። ሲመለስ «ንገሪኝ፣ ምን እናድርግ?» አለኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ውጭ ግቢው ውስጥ ነው የሚበላው።

የጀመርነው ይህን ነው። ማንም ሰው ከመቀመጡ በፊት በሩ ላይ ሳል አለብህ ወይ፣ ስንት ጊዜ ቆየብህ ይባላል፤ የቆየ ሳል ያለው መጀመሪያ ሳንባውን ታይቶ ይመለሳል። ወንበር ላይ የወጣ ሰው ማሽኗ ከመነሣቷ በፊት ጀርም በሚገድል መድኃኒት አፉን ይጉመጠመጣል። ምራቅ ብቻ የምትስበው ቀጭን ቱቦ ቀርታ፣ ጉሙን ከሥሩ የምትውጥ ሰፊ መምጠጫ ከጥርሱ አጠገብ ትያዛለች። ሁለት ወንበር ላይ በአንድ ጊዜ እጥበት የለም። በሰውና በሰው መካከል መስኮት እንከፍታለን፣ እንወለውላለን፣ እንጠብቃለን። ወረፋው ረዘመ፣ የሚያጉረመርም አለ።

ሳህኖቹን እንደገና አስቀመጥን። ቀነሰ፣ እጅግ ቀነሰ! የሦስተኛው ወንበር ብቻ እንደነበረ ነው። ተስፋ ቆርጬ ጓንቴን አውልቄ ቁጭ አልኩ። ያኔ ዶክተሩ ራሱ መጥቶ «አፉን ብቻ ነው ያየነው፣ ውሃውንስ?» አለኝ። የወንበሩን ቱቦ ነቅሎ ውሃውን ብርጭቆ ላይ አፈሰሰው፤ ሸተተን። ያ ወንበር ብዙ ጊዜ ሥራ ስለማይበዛበት ውሃው ቱቦው ውስጥ ቆሞ ውስጡን አተላ ለብሷል። ለካ ሰው አፍ ውስጥ ጀርም የምንረጨው እኛው ነን። ቱቦዎቹን ሁሉ በመድኃኒት አጠብን፤ አሁን ጠዋት ጠዋት ውሃውን ለቀን ሳናፈስ ሥራ አንጀምርም። ለሦስተኛ ጊዜ ያስቀመጥናቸው ሳህኖች ባዶ ናቸው ማለት ይቻላል። አንድ አንድ ነጠብጣብ፣ እሱ በየትም ይኖራል። ዶክተሩ ሳህኑን ወደ መስኮቱ ይዞ እንደ ልጅ ሲያገላብጠው ነበር።

አንተ ግን፣ አንተ ልጅ። እማዬ ትናንት ደውላ ነበር። ማሽኑ ላይ ተደፍተህ እንዳገኘችህ ነገረችኝ። ክፉ ወሬ መስማት እችላለሁ ያልከኝ አንተ ነህ፣ እኔስ?

እህትህ


ጥር 24 ቀን

ለእትዬ፤

ወደቅሁ አይባልም፣ ጋደም አልኩ ነው የሚባለው። ጭንቅላቴን ጨርቁ ላይ አስደግፌ ነበር፣ ትንሽ ጠቆረብኝ፣ ስነቃ እማዬ ውሃ እያፈሰሰችብኝ ነው። የሰው ሙሽራ ልብስ ነበር፣ ረጠበ። ልጽፍልሽ ብዕር ሳነሣ ስለ ምርመራሽ እያሰብኩ ተውኩት። አሁን እኩል ሆነናል፤ አንቺም ደብቀሽኛል፣ እኔም ደብቄሻለሁ። በዚሁ ይብቃን።

ልብሶቹ በዚህ ጥቅል ውስጥ አሉ። ለአራታችሁም ነው፣ ለእያንዳንዳችሁ መቀያየሪያ አለው። አንገቱ ዝግ ነው፣ የሚታሰረው ከጀርባ ነው። እጅጌው እስከ እጅ አንጓ ይደርሳል፣ ጫፉ ላስቲክ አለው፤ ጓንታችሁን በላዩ ሳቡት። ፊት ለፊቱ ላይ ኪስ አላደረግሁም። ኪስ ካለ ብዕር ትከቺበታለሽ፣ አውቅሻለሁ፣ ብዕሩን ደግሞ አፍሽ ውስጥ። የሳቂታዋን ሰፋ አድርጌዋለሁ፤ መድኃኒቱን ስትጨርስ ትወፍራለች ብዬ ነው።

የልብ ሐኪሜ ጋ ሄጄ ነበር። ቀጠሮ ሰጠኝ፣ መጋቢት አጋማሽ ላይ ነው። ዘመድ ከሆነ ሰው ጋር እንደሚያወራ እጄን ይዞ «ቫልቩ ሊጠብቅህ አይችልም፣» አለኝ። «አፍህ ሳይጸዳ ግን ቢላ አላነሣም። አዲስ ቫልቭ ላይ ጀርም ከሰፈረ እኔም ምንም ላደርግልህ አልችልም።»

ስለዚህ እትዬ፣ የሁለታችንም ነገር አንድ ላይ ሆነ። የአንቺ ውጤት ንጹሕ ካልሆነ የእኔም ቀጠሮ ይቀራል። ይህን የምጽፈው ላስጨንቅሽ አይደለም። አልደብቅሽም ስላልኩ ነው።

እማዬ እጅጌዎቹን ተኩሳልሻለች። ለማን እንደሆነ አልጠየቀችም። «ወንበሩን በደንብ ይጠግኑት» ብቻ አለች።

ወንድምሽ


የካቲት 10 ቀን

መርፌዬ!

ንጹሕ ነኝ! ወረቀቱን የሰጠችኝ ነርስ አቅፌ ስለሳምኳት ማስኳ ወለቀ፣ ተቆጣችኝ። ንጹሕ ነኝ። ሳንባዬም፣ ደሜም፣ አክታዬም። ዶክተሩም የሌላው ወንበር ሠራተኛም ንጹሕ ናቸው። ከአስተማሪው ጋር በተቀራራቢ ቀን የታከሙትን ሁሉ እየጠራን አስመርምረን ነበር፤ ትናንት የመጨረሻው ሰው መልስ መጣ፣ አንድም አልተገኘም። አስተማሪውም ከሆስፒታል ወጥተዋል፤ መድኃኒታቸውን እየዋጡ ነው፣ ሲጋራውም ሳላቸውም አንድ ላይ ተዋቸው።

ሳቂታዋ ተመለሰች። አሁን ወደ ሰው አይተላለፍባትም ብለው ፈቀዱላት፤ መድኃኒቷን ግን ገና ወራት ትውጣለች። ልብሱን ስትለብስ ምን እንዳለች ልንገርህ? «ይህ ወንድምሽ ሳያየኝ ወፍራም አደረገኝ!» አለች። ክፍሉ እሷ ከሌለች ወዲህ እንዲህ ሲስቅ አልሰማሁትም ነበር።

አሁን ስማኝ። ሰኞ ጠዋት፣ ማንም ሳይገባ፣ የመጀመሪያው ሰው አንተ ትሆናለህ። ክፍሉ መስኮቱ ተከፍቶ አድሮ፣ ቱቦው ታጥቦ፣ ሌሎቹ ወንበሮች ባዶ ሆነው ነው የምትቀመጠው። የልብ ሐኪምህ ያዘዘልህን ፀረ ጀርም መድኃኒት ከመምጣትህ አንድ ሰዓት በፊት ዋጥ፤ ካልዋጥክ በሩን አልከፍትልህም፣ ወንድሜ ነህ አልልም። ቁርስ ብላ። ወንበሩን ቀና አደርግልሃለሁ፣ ተጋድመህ መተንፈስ እንደማትችል አውቃለሁ። ሲያደክምህ እጅህን አንሣ፣ አቆማለሁ። ጠዋቱን ሙሉ ይፍጅብን፣ ዶክተሩ ጠዋቱን ለእኛ ለቆልናል።

ለእማዬ አሁን ሁሉንም ንገራት። ከፈለግህ ከመጀመሪያው ጀምረህ አንብብላት፤ ያን የደበቅነውን ወረቀትም ጨምረህ።

እህትህ


የካቲት 29 ቀን

ለእትዬ፤

በሰላም ገባሁ። እማዬ አውቶቡስ መናኸሪያው ድረስ መጥታ አፌን መንገድ ላይ አስከፈተችኝ። ሰው ያየናል ብላት «ይየና! ለፍታበታለች» አለች። ሁሉንም ነግሬያታለሁ። እሷ እኮ ወንበሩ እንዳልተበላሸ ከመጀመሪያውም ታውቅ ነበር፤ ሁለታችንም እንዳንጨነቅ ብላ ዝም አለች። በሦስት በኩል ተደባብቀን ነው የከረምነው።

ፈርተህ ነበር ወይ ላልሽኝ፣ አዎ። በሩ ላይ ሳቂታዋ ስትቀበለኝ «ሳል አለብህ?» አለችኝ። «የለብኝም፣ ወንድሟ ነኝ» አልኳት። «ወንድምም ያስላል፣ አፍህን አትሸፍንብኝ» ብላ ጉሮሮዬን አየች። ያኔ ነው ፍርሃቴ የቀነሰው። ደንቡ ለወንድም ካልላላ ለማንም አይጓደልም ማለት ነው።

አንቺ ስትመጪ አላወቅሁሽም። መነጽር፣ ማስክ፣ በላዩ የፊት መከለያ፣ ከዚያ የእኔ ልብስ። ከመላ ሰውነትሽ ያወቅሁት ስፌቴን ብቻ ነው። መድኃኒቱን ስጉመጠመጥ እንዴት እንደሚመር! ማሽኗ ስትነሣ ጉሙን ጠበቅሁ፣ ነግረሽኝ ነበር። አልመጣም። ያ ሰፊ ቱቦ እንደ ተራበ ሰው ሲውጠው ነበር። ፀሐይዋ በመስኮቱ ገብታ እስከ ሦስተኛው ወንበር ድረስ ተዘርግታ ነበር፣ ውስጧ ግን አንድም ነገር አልተንሳፈፈም።

ሁለት ጊዜ ብቻ ነው እጄን ያነሣሁት። ሁለተኛው ደክሞኝ አልነበረም። ዓይንሽ እንባ ሞልቶ አይቼ፣ ተከልለሽ መጥረግ ስለማትችይ ነው ያቆምኩሽ። ልነግርሽ አልቻልኩም፣ አፌ ውስጥ ቱቦ ነበር።

እንዳዘዝሽኝ ሙቀቴን በየቀኑ እለካለሁ። ምንም የለም። ሐኪሜም አፌን አየው፣ ድዴን ተጫነው፣ አልደማም። «ማነው ያጠበህ?» አለኝ። እህቴ አልኩት። «እንግዲህ የኔ ተራ ነው» አለ።

ወንድምሽ


መጋቢት 12 ቀን

ለመርፌ ወንድሜ፤

ይህ ሳይደርስህ ሆስፒታል እንዳትገባ ብዬ ወደ እናንተ ከተማ በሚሄድ ሰው እጅ ነው የላክሁት።

መምጣት አለብኝ ወይ ብለህ አትጠይቀኝ፤ ቲኬቴን ቆርጫለሁ። ከቀዶ ጥገናው ክፍል ውጭ ከእማዬ ጋር እቀመጣለሁ። እሷ ጸሎቷን ታደርሳለች፣ እኔ የሚያልፈው ሐኪም ሁሉ እጁን ታጥቦ እንደሆነ አያለሁ። ሁለታችንም ሥራችንን እንሠራለን።

ምንም የምነግርህ ምክር የለኝም። አፍህ ንጹሕ ነው። ደምህ ንጹሕ ነው። ከእኔ በኩል ያለውን ሁሉ አድርጌያለሁና ዛሬ ከስንት ጊዜ በኋላ ደህና አድርጌ ተኛሁ። አንተም ተኛ።

እህትህ


ሚያዝያ 26 ቀን

ለእትዬ፤

ከሄድሽ ወዲህ የጠየቅሽኝን ሁሉ በተራ ልመልስልሽ። ትኩሳት የለኝም። እግሬ አያብጥም። ደም ማቅጠኛውን ኪኒን በሰዓቱ እውጣለሁ። አዎ፣ እተነፍሳለሁ፤ ትናንት እስከ ገበያው ጥግ ሄጄ ተመለስኩ፣ አንድም ቦታ አልተቀመጥኩም። ስመለስ በር ላይ ቆሜ ሌላ ሰው መስሎኝ ራሴን ደጋግሜ አየሁት።

ሐኪሙ ደረቴን አይቶ ጀርም የሚባል ነገር እንዳልነካው ነገረኝ። ስፌቱን እኔም በመስታወት አየሁት። እትዬ፣ ሰውየው ቀጥ አድርጎ ነው የሰፋው፣ ልነቅፈው አልቻልኩም። ከታች በኩል አንድ ቦታ ላይ ብቻ ትንሽ ጠምዘዝ ይላል። ልነግረው ብዬ ተውኩት።

ቫልቩ ድምፅ አለው። ነግረውኝ ነበር፣ ረስቼዋለሁ። ጸጥ ሲል ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ ይላል፣ እንደ ትንሽ የእጅ ሰዓት። ለእማዬ አልነገርኳትም ነበር። ዛሬ ከሰዓት በኋላ ማሽኑን ሳቆም ሰማችውና ሰዓት ፍለጋ ጀመረች። ቁምሳጥኑን አየች፣ የጨርቅ ቁራጭ ያለበትን ጆንያ ገለበጠች፣ ትራሴን አነሣች። «የማን ሰዓት ነው እዚህ የቀረው? ሰው ይፈልገዋል እኮ!» ትላለች። እኔ ሳቄን ይዤ አያታለሁ። በኋላ ስታስብ ስታስብ፣ ወደ እኔ መጣች። ስፌቴን እንዳትነካ ብላ ከኋላዬ ዞራ ጆሮዋን ጀርባዬ ላይ ለጠፈች።

«ይኼ ነው?» አለችኝ።

«እሱ ነው።»

«አያቆምም?»

«አያቆምም፣ እማዬ።»

 ስታዳምጥ ቆየች፣ ከዚያ ጭንቅላቷ እየከበደ መጣ። እንቅልፍ ወስዷት ነው። ስንት ወር ሙሉ ትንፋሼን ስትቆጥር የከረመች ሴት፣ ከሰዓት በኋላ በጠራራ ፀሐይ፣ በርጩማ ላይ ተቀምጣ ጀርባዬን ተደግፋ ታንኮራፋለች። ላስነሣት አልፈለግሁም። ይህን ደብዳቤ የምጽፍልሽ ትከሻዬን ሳላነቃንቅ፣ ወረቀቱን በአንድ ጣት እየጎተትኩ ነው። ጽሑፌ ቢንጋደድ ይቅርታ አድርጊልኝ።

ወንድምሽ መርፌ